የተዳፈነው እሳት

ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እናቶቻችን ማታ ከመተኛታቸው በፊት የምድጃውን ፍም በአመድ ያዳፍኑት ነበር። ሲነጋ አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ሳይጠፋ ይገኛል፤ የጠፋባትም ጎረቤት ገል ይዛ መጥታ እሳት ጭራ ትሄዳለች። የተዳፈነ እሳት ለቤቱ ሀብት ነበረ። ነገር ግን አዳፋኟ ቸኩላ አመዱን አሳስታ እንደ ሆነ፣ ወይም ጭራሮ ከምድጃው አጠገብ ትታ እንደ ሆነ፣ ማታ ሀብት የነበረው ሌሊት ጠላት ይሆናል። ስለዚህ እሳት ማዳፈን በግድየለሽነት የሚሠራ ሥራ አልነበረም፤ የቤቱ እመቤት ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በገዛ እጇ የምትፈጽመው የቀኑ መጨረሻ ተግባር ነበረ።

ዛሬ ለውድ አንባብያን የምጽፈው ስለ እንዲህ ያለ የተዳፈነ እሳት ነው። ይሁን እንጂ ይህኛው በምድጃ ውስጥ የሚያድር አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ተጭኖ ወደ ቤታችን የገባው ባትሪ ነው። የምጽፈውም ዐዋቂ ስለ ሆንሁ አይደለም። ባለማወቄና በስስቴ ምክንያት ቤተ ሰቤን ለአደጋ አሳልፌ ልሰጥ ጥቂት ቀርቶኝ ስለ ነበረ፣ የእኔ ጥፋት ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ ነው።

የምኖረው በአዲስ ከተማ፣ ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው፤ የምተዳደረውም በመርካቶ ጨርቅ በመሸጥ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ በዚያ ገበያ ዕቃ ከመግዛት ይልቅ የተገዛውን ዕቃ ማውጣት ይከብዳል። መንገዱ በሰው፣ በጋሪና በመኪና የታጨቀ ስለ ሆነ አንድ ጥቅል አቡጀዲ ከሱቄ እስከ ፒያሳ ለማድረስ ግማሽ ቀን የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ ሲሄድ ደግሞ የመጓጓዣው ዋጋ ከጨርቁ ትርፍ ጋር መወዳደር ጀመረ።

ከእኔ ዘንድ የሚኖረው የሟች ወንድሜ ልጅ ይህን አይቶ፣ «ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ቢገዙልኝ ዕቃውን እኔ አደርሳለሁ» አለኝ። አሳቡ ዘመኑን የተከተለ ነበረ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ከዚያም ወዲህ በከተማችን በታደሱት ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መሄጃ ተሠርቶ እናያለን። የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክም በአብዛኛው ከወንዞቻችን የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። የውጭ ምንዛሪ ከሚፈጀው ቤንዚን ይልቅ በገዛ ወንዛችን ኃይል መሄድ መልካም ነው ብዬ ብስክሌቱን ገዛሁለት።

ብስክሌቱ የተገዛው ከነባትሪው ነበረ። ባትሪውም በመኪና ላይ ከምናውቀው ወገን፣ ከእርሳስና ከአሲድ የተሠራ፣ እያንዳንዱ 12 ቮልት የሆነ አራት ሣጥን ነው። ይህን ዐይነት ባትሪ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የፈለሰፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ስለ ሆነ፣ እየተራገፉ ከሚሞሉት ባትሪዎች ሁሉ አዛውንቱ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው ቀላል፣ ጠባዩም የታወቀ ነው፤ ሸክሙ ግን ከባድ ነው። አራቱ ሣጥኖች አንድ ላይ 16 ኪሎ ያህል ስለሚመዝኑ ብስክሌቱ ጨርቅ ከመጫኑ በፊት ባትሪውን ይሸከማል።

ይህ አዛውንት ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ነገር ባዶውን ማደር ነው። ከሥራ እንደ ተመለሰ ወዲያው ካልተሞላ፣ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ዝርጎች ላይ እንደ ጨው ያለ ጠንካራ ቅርፊት ይጋገርባቸዋል፤ ቅርፊቱ ከጠነከረ በኋላ ቢሞሉትም አይቀበልም። እኛ ይህን አላወቅንም። ልጁ ደክሞት ሲመለስ «ነገ እሞላዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። በፍልሰታ ጾም ወደ ሀገር ቤት በሄደ ጊዜም ብስክሌቱ ከተራገፈው ባትሪው ጋር ከሁለት ሳምንት በላይ ቆመ። በዚህ ምክንያት ገና በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ባትሪው ከሱቄ እስከ ፒያሳ ደርሶ ለመመለስ የማይችል ሆነ። ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም፤ የእኛ ነበረ።

እንግዲህ ሌላ ባትሪ መግዛት ግድ ሆነ፤ ታላቁም ስሕተቴ የተፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው። የወንድሜ ልጅ ዞሮ ጠይቆ ሲመለስ፣ ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ክብደቱ ቀላል፣ ዕድሜውም ረዥም መሆኑን ነገረኝ። ሆኖም የሠሪው ስም የታወቀና ዋስትና ያለው ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል። «ጋሼ፣ ሁለት ወር ታግሠን ብናጠራቅም ይሻላል» አለኝ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በመርካቶ የኖርሁ ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋ ሳላስቀንስ መግዛት ሽንፈት ይመስለኛል። የልጁን ምክር ትቼ ከአንድ ትንሽ ሱቅ፣ በሰማያዊ ላስቲክ የተጠቀለለ፣ የሠሪው ስምም ሆነ የተሠራበት ዘመን ያልተጻፈበት ሊቲየም ባትሪ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ሻጩን «የቀድሞው ቻርጀራችን ይሠራለታልን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ያም 48 ቮልት፣ ይህም 48 ቮልት፤ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። የሽቦውን ጫፍ ቀይሮ ገጠመልኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በጣቴ ዳስሼ ጥጡን ከናይሎኑ እለየው ነበር፤ ባትሪ ግን በመዳሰስ አይታወቅም።

ለቤታችን ያለው በር አንድ ብቻ ነው። ብስክሌቱ የሚያድረው ከበሩ ቀጥሎ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነበረ፤ ባትሪውም ከብስክሌቱ ሳይወርድ፣ ማታ ከሶኬቱ ጋር ተገናኝቶ፣ እኛ ስንተኛ እየተሞላ ያድራል። ከመተላለፊያው ወዲያ ባለቤቴ፣ ልጆቼና ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈው እናቴ ይተኛሉ። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ።

እናቴ እንደ ብዙዎቹ የዘመናቸው እናቶች ሌሊት ተነሥተው የመጸለይ ልማድ አላቸው። አንድ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ለጸሎት ቆመው ሳለ ጣፋጭነት ያለው፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል እንግዳ ሽታ ሸተታቸው። የዕጣኑንም፣ የከሰሉንም፣ የሚነድ ጨርቁንም ሽታ ጠንቅቀው የሚለዩ ሰው ናቸውና፣ ይህ ከሁሉ የተለየ መሆኑን ዐውቀው «ልጄ፣ ተነሥ! በቤቱ ውስጥ ደኅና ያልሆነ ነገር አለ» ብለው ቀሰቀሱኝ። ወጥቼ ባይ ሰማያዊው ላስቲክ አብጦ ተወጥሯል፤ ከውስጡ የእፍታ ድምፅ ይሰማል፤ ከሥሩም ነጭ ጢስ መውጣት ጀምሯል። እኔ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አወረድሁ። የወንድሜ ልጅ ብስክሌቱን በእጀታው ይዞ እየገፋ ወደ ግቢው አወጣው። ከበሩ ጥቂት እርምጃ እንደ ራቀ ባትሪው እንደ ርችት እየተተኮሰ ነደደ፤ ነበልባሉም ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ጎረቤቶቻችን በባልዲ ውኃ እያመላለሱ ረዱን፤ ጠፋ ስንለው እንደ ገና እየተነሣ ብዙ አስጨነቀን። የብስክሌቱ የኋላ ክፍል ተቃጠለ፤ ልጁም እጁን ጥቂት ተቃጠለ። ከዚህ በቀር እግዚአብሔር ጠበቀን።

በኋላ እንደ ተረዳሁት ልጁ ያደረገው ጀግንነት እንጂ ጥበብ አልነበረም። ጢስ መትፋት የጀመረ ሊቲየም ባትሪ በእጅ የሚነካ ነገር አይደለም፤ ጢሱ ራሱ መርዝ ነው። የሚገባው ሰውን ሁሉ ማስወጣት፣ በሩን ዘግቶ መራቅና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ነው። በእኛ ቤት ግን እሳቱ የቆመው ከመውጫው ላይ ስለ ነበረ የምንሸሽበት ሌላ መንገድ አልነበረንም። እናቴ በዚያች ሰዓት ተኝተው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ባልተገኘም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቡናው ሲፈላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ በዚያ ዕቃ ላይ ያተረፍኸው ገንዘብ ስንት ነበረ?» ብለው ጠየቁኝ። በቁጣ አልተናገሩም፤ በእርግጥም ለማወቅ ፈልገው ነበረ። ነጋዴ ነኝና ቁጥሩን እስከ ሣንቲሙ ዐውቀዋለሁ። ነገር ግን በልጆቼ ፊት ልጠራው አልቻልሁም።

ከዚህ በኋላ በሰፈራችን የሚሠራ አንድ ባለሙያ ወጣት ፈልጌ የተቃጠለውን ቅሪት አሳየሁት። እርሱም እየለያየ አስረዳኝ። ሊቲየም ባትሪ ከውጭ ሲያዩት አንድ ሣጥን ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ብዙ ትንንሽ ድንጋዮች ተደርድረው የተያያዙበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ድንጋይ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የእያንዳንዱ ኃይል ትንሽ ሲሆን ተባብረው ብስክሌትን ከነጭነቱ ዳገት ያስወጣሉ። ነገር ግን ኅብረቱ የሚጸናው ሁሉም እኩያ ሲሆኑ ነው። በእኔ ባትሪ ውስጥ የነበሩት ድንጋዮች ቀለማቸው እንኳ የተለያየ፣ ከዚህም ከዚያም ከአሮጌ ዕቃ የተለቃቀሙ ነበሩ። ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ይራገፋል፤ ሌሎቹ ገና ሲጠጡ እርሱ ከልኩ አልፎ ይግላል። ይህን የሚከላከል የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ የሚባል ክፍል አለ፤ የእያንዳንዱን ረድፍ መጠን እየተመለከተ፣ ሲበዛም ሲያንስም የሚያቋርጥ የባትሪው ዘበኛ ነው። በእኔ ባትሪ ውስጥ ይህ ዘበኛ ጨርሶ አልነበረም።

ቀጥሎ የነገረኝ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠኝ። በገበያ «48 ቮልት» ተብለው የሚሸጡት ባትሪዎች ሦስት ዐይነት ናቸው፤ ስማቸው አንድ ሲሆን ልካቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው አራት ሣጥን የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ቻርጀሩ እስከ 59 ቮልት ገደማ ይወጣል። ሁለተኛው ኒኬል ያለበት ሊቲየም ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 3.6 ቮልት የሆኑ 13 ረድፎች አሉት፤ ሲሞላ ከ54.6 ቮልት ማለፍ የለበትም። ሦስተኛው ብረትና ፎስፌት ያለበት ሊቲየም ነው፤ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 16 ረድፎች ሲኖሩት ቻርጀሩ 58.4 ቮልት ነው። እኔ የሁለተኛውን ባትሪ በመጀመሪያው ቻርጀር እሞላ ነበር። ይህም ማለት በየሌሊቱ፣ ዘበኛ የሌለውን ጋን ከአፉ በላይ እያፈሰስሁበት እተኛ ነበር ማለት ነው። «ያም 48፣ ይህም 48» ያለው ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ቤት ለማቃጠል ይበቃል።

እንግዲህ ባትሪ መግዛት የሚያስብ አባወራ ቢኖር፣ እኔ በእሳት የተማርሁትን እርሱ በንባብ ይማረው ዘንድ አንድ በአንድ ልግለጽ።

አስቀድሞ የሚያስፈልገውን መጠን ማወቅ ይገባል። ቮልቱ በአምፔር ሰዓት ሲባዛ ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ይህ የባትሪው ስፍር ነው። 48 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 960 ዋት ሰዓት ይይዛል። ጭነት ያለው ብስክሌት በእኛ ከተማ መንገድ ለአንድ ኪሎ ሜትር 20 ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል ብንል፣ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚሆን ደርሶ መልስ 100 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ስለ ሆነች ዳገቱን መርሳት አይገባም። ሰው፣ ብስክሌትና ጭነት ተደምረው 150 ኪሎ ቢሆኑ፣ ይህን ሸክም 100 ሜትር ከፍታ ማውጣት ብቻውን ከ40 ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዳገት ላይ ፔዳል መምታት የማያሳፍር ብቻ ሳይሆን ለባትሪው ዕድሜ መጨመር ነው።

ሁለተኛ፣ ወገኑን መምረጥ ነው። ኒኬል ያለበት ሊቲየም ለክብደቱ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ነገር ግን ከልክ በላይ ሲግል ቶሎ ይቆጣል። ብረትና ፎስፌት ያለበት ክብደቱ ጥቂት ይበልጣል፤ ሆኖም ሙቀትን የሚታገሥ ነው፤ በደኅና ከተያዘም ከ2,000 ጊዜ በላይ ሊሞላና ሊራገፍ ይችላል። የእርሳሱ ባትሪ በየጊዜው እስከ መጨረሻው እየተራገፈ ከተሠራበት ጥቂት መቶ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። የሊቲየም ባትሪ ለገበያ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ሲሆን፣ መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እነዚህ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሰጡለትን ሥራ፣ ከአሮጌ ድንጋይ ለቃቅሞ በላስቲክ የሚጠቀልል ሰው ያበላሸዋል።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉን ማንበብ ነው። በባትሪው ላይ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዘመን፣ ወገኑ፣ ቮልቱና አምፔር ሰዓቱ መጻፍ አለበት፤ ዩ ኤል 2271 ወይም ኢ ኤን 50604 የሚል የምርመራ ምልክት ቢኖረው ይመረጣል። ምልክት ግን በሐሰት ሊታተም ስለሚችል፣ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት የማይሰጥ ሻጭ ዘንድ መግዛት አይገባም። ቻርጀሩም ከባትሪው ጋር አብሮ የመጣው ይሁን፤ ቢጠፋ እንኳ በላዩ የተጻፈው ቮልት ከባትሪው ጋር መስማማቱ በባለሙያ ሳይመረመር ሌላ አይተካበት። የሽቦው ጫፍ መግጠሙ መስማማቱን አያሳይም።

አራተኛ፣ አጠቃቀሙን በልክ ማድረግ ነው። የእርሳስ ባትሪ ከሥራ እንደ ተመለሰ ወዲያው እስከ ጫፉ መሞላት ይወዳል። ሊቲየም ግን እንደ ሰው ነው፤ ረኃብም ጥጋብም ይጎዳዋል። በየቀኑ ከ20 በመቶ በታች ሳያወርዱ፣ ከ80 ወይም ከ90 በመቶም ብዙ ሳያሳልፉ ቢጠቀሙበት ዕድሜው ይረዝማል፤ ረድፎቹ እንዲስተካከሉ አልፎ አልፎ ሙሉ በሙሉ መሙላት ይበቃል። ለብዙ ቀን የማይሠራበት ከሆነ በግማሽ መጠን ላይ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ከዳገት ሲመለስ የጋለ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይበርድ አይሞላ፤ በፀሐይ ሐሩር ላይም አይተው። በክረምት ከዝናብ ይሸፈን፤ ብስክሌቱ ሲታጠብም ውኃ በኃይል አይረጭበት። የወደቀ፣ ያበጠ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ቢሠራ እንኳ ለባለሙያ ሳይታይ አይሞላ።

አምስተኛ፣ የመሙያው ቦታና ሰዓት ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ባትሪ በአልጋ፣ በፍራሽና በጨርቅ ላይ አይሞላም፤ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ወለል ላይ ይሁን። በመውጫ በር አጠገብ አይሁን። ከምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ። የአንድ ብስክሌት ባትሪ ከባዶ እስከ ሙሉ የሚወስደው ኃይል ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ይህ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ከሚወስደው ያነሰ ነው። የሁለቱን ሸክም ግን ቀጭን ሽቦ አይችለውም። መብራት ጠፍቶ የሚመለስበት ጊዜ ሲሆን ቻርጀሩን ነቅሎ መጠበቅ ይሻላል። ሰው ሲተኛ፣ ወይም ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ባትሪ ተሰክቶ አይተው።

ይህን የምናገረው የእኔ ቤት ብቻ ስለ ደረሰበት አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ከሊቲየም ባትሪ በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት ከተማዪቱ ያልተመረመረ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ባትሪ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። የሠለጠነ የእሳት መከላከያ ያለው ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ ሰፈር እንዴት ይሆን? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ምን ያህል እንዳስቸገራቸው ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ ገበያ ቤት ከቤት፣ ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ የቆመ ነው። በእኔ መተላለፊያ የሚነሣ እሳት የእኔ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የባለሱቁም የተሸካሚውም እንጀራ አብሮ ይነዳል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ክምር መካከል ባትሪ ሰክተው ዘግተው የሚሄዱ ወንድሞቼን እለምናቸዋለሁ፤ ይህን ልማድ ይተዉት።

ስለ አሮጌው ባትሪም አንድ ቃል ልጨምር። መርካቶ የሚጣል ነገር የማያውቅ ገበያ ነው፤ በምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ብረት ምድጃ፣ ማንኪያና ሚስማር ሆኖ ሲወጣ ማየት ያስደንቃል። ባትሪን ግን በመዶሻ መስበር አይገባም። እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ አሲዱ ዐይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ የሊቲየሙ ድንጋይ ሲበሳ ይነዳል። ያረጀውን ባትሪ ከልጆች አርቆ፣ ጫፎቹን በማይተላለፍ ፕላስተር ሸፍኖ፣ ተቀብሎ በሥርዓት ለሚያስወግድ ሰው ማስረከብ የጎረቤት ፍቅር ነው።

እኔም በመጨረሻ የልጁን ምክር ሰማሁ። ሁለት ወር ታገሥን፤ በእነዚያ ወራት ዕቃውን እንደ ቀድሞው በሸክምና በታክሲ አደረስን፤ ትርፋችንም አነሰ። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን አሳድሰን፣ ብረትና ፎስፌት ያለበትን ባትሪ ከነቻርጀሩና ከነዋስትናው ገዛን። ቦታውንም ለወጥን፤ ባትሪው ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ከቤቱ ተለይቶ በግቢው ጥግ በተሠራ የሲሚንቶ መደብ ላይ ይሞላል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰክቶ፣ እራት ቀርቦ ጸሎት እስኪደረስ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ይነቀላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከቤቱ አንድ ሰው ዐይኑን ከእርሱ አያርቅም።

በወንጌል የሚነገረውን የአሥሩን ደናግል ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ፣ ልባሞቹን ልባሞች ያሰኛቸው ዘይት መያዛቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ዘይቱ የሚፈለገው ለመብራቱ፣ መብራቱም የሚፈለገው ለትጋቱ መሆኑን ዐስባለሁ። ኃይል ወደ ቤት ማስገባት ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ከኃይል ጋር ነቅቶ መኖር ግን ሌላ ሀብት ይጠይቃል። በዚያች ሌሊት በቤታችን ይህ ሀብት የነበራቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ነበሩ።

እናቴ ባትሪ ምን እንደ ሆነ ዛሬም በሚገባ አያውቁም፤ ስለ ቮልቱም ቢነግሯቸው ይስቃሉ። ነገር ግን በየማታው የእራቱ ጸሎት ሲፈጸም ወደ ወንድሜ ልጅ ዘወር ብለው፣ «እሳቱ ተዳፈነ?» ብለው ሳይጠይቁ አይተኙም። እርሱም ወጥቶ በእጁ ዳስሶ ይመለስና «ተነቅሏል፣ እማማ፤ በርዷል» ይላቸዋል። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይጠብቀን» ብለው ያማትባሉ። ሁላችንም ወደ መኝታችን የምንሄደው ከዚህ በኋላ ነው።